የኢትዮጵያ ኢቪዛ ትክክለኛው ሳይት የቱ ነው? እህቴ ልትከፍል ነው ቶሎ መልሱልኝ

ጣና_ዳር፦
ሰላም ናችሁ እንደምን ከረማችሁ። እህቴ የምትኖረው ለንደን ነው፣ ዜግነት ቀይራለች፣ ባለቤቷም የዛው አገር ሰው ነው፣ ሁለት ልጆች አሏቸው። ለጥምቀት ባህር ዳር ሊመጡ ነው፣ እናታችን ልጆቹን በስልክ እንጂ በአካል አይታቸው አታውቅም ስለዚህ ቤቱ ከአሁኑ ሰርግ መስሏል። ትናንት ማታ በቪዲዮ እያወራን ቪዛ ስትሞላ ስክሪኗን አሳየችኝ፣ ጎግል ላይ የኢትዮጵያ ቪዛ ብላ መጀመሪያ የመጣላትን ነው የከፈተችው። የባንዲራው ቀለም አለው፣ የላሊበላ ፎቶ አለው፣ አድራሻው ጎን የቁልፏ ምልክትም አለች፣ ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለውም። መጨረሻ ላይ ግን ለአንድ ሰው 148 ዶላር አለ፣ ለአራት 592 ማለት ነው። ሆዴ አልወደደውም ቆይ እስኪ አልኳት፣ እሷ ደሞ ትኬት ተቆርጧል ቀን የለኝም ትላለች። ቀበሌ 14 ኢንተርኔት ቤት የሚሰራ ልጅ ጠየቅኩ፣ መንግስት ጨምሮት ይሆናል አለኝ። እውነት ይሄን ያህል ነው እንዴ? በናታችሁ የምታውቁ።

የጀልባ_ልጅ፦
እህቴ እንዳትከፍል በያት! አሁኑኑ ደውዪላት። የመንግስቱ ሳይት አንድ ነው፣ ኢቪዛ ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ (evisa.gov.et)፣ በቃ ሌላ የለም። እኔ እንግዶች ወደ ዘጌ ገዳማት አመላልሳለሁ፣ ባለፈው ዓመት የመጡት ለ30 ቀን ቱሪስት 62 ዶላር ነው የከፈልነው ያሉኝ፣ ዋጋው ቢቀየር እንኳ እዛው ሳይቱ ላይ ከመክፈሏ በፊት ታየዋለች።

ገንዘቡ ብቻ ቢሆን እኮ ደህና ነበር። ሁለት የጀርመን እንግዶች ነበሩኝ፣ ሽማግሌ ባልና ሚስት፣ እንደዚህ ባለ ሳይት ነው ያስሞሉት። እነዚህ ሰዎች የሚያደርጉት ምንድነው፣ አንቺ የሞላሽውን ወስደው ራሳቸው መንግስቱ ሳይት ላይ መልሰው ይሞሉታል፣ ልዩነቱን ኪሳቸው ይከታሉ፣ ሲገለብጡ ከተሳሳቱ ደሞ ዕዳው ያንቺ ነው። የሴትየዋ ፓስፖርት ቁጥር ውስጥ ዜሮ ነበር፣ እነሱ ኦ ፊደል አርገው ጽፈውታል። የጀርመን ፓስፖርት ቁጥር ላይ አናባቢ ፊደል የሚባል አይገባም፣ ሁልጊዜ ዜሮ ነው፣ የሚገለብጠው ሰው ግን ምን ያውቃል። ቦሌ ላይ ወረቀቱና ፓስፖርቱ አልገጥም ብሎ እስኪጣራ የባህር ዳሩ በረራ አመለጣቸው። በማግስቱ ሲደርሱ ሴትየዋ ወረቀቱን አውጥታ በጣቷ ያቺን ኦ እየነካች አሳየችኝ፣ ከ300 ዶላር በላይ ከፍለው ነው ይሄ ሁሉ። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ያናድደኛል፣ አገሬን መጀመሪያ ያወቋት በዛ ነው።

ፖሊ_ሰፈር፦
የጀልባ ልጅ ያለው ልክ ነው። እኔ ልጨምር የምፈልገው እንዴት እንደምትለዩት ነው ምክንያቱም አንዱን ስም ብታውቁ ነገ በሌላ ስም ይመጣሉ። ጎግል ላይ ከላይ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ናቸው፣ ከፍለው ነው እዛ የወጡት፣ ስፖንሰርድ የሚል ትንሽ ጽሁፍ አለችበት። ሁለተኛ አድራሻውን ከኋላ ወደ ፊት አንብቡት። ከነጥቦቹ በኋላ የመጀመሪያዋን ዘንበል ያለች መስመር (/) ፈልጉ፣ ከሷ በፊት ያለው መጨረሻው ነው ባለቤቱን የሚናገረው። እዛ ጋ ጎቭ ዶት ኢቲ ካለ የኢትዮጵያ መንግስት ነው። መሃል ላይ ኢቪዛም ኢትዮጵያም ጎቭም በጭረት አያይዞ ደርድሮ መጨረሻው ኮም ወይ ኦርግ ከሆነ ማንም ሰው በጥቂት ብር ገዝቶ የሚከፍተው ነው። ስልክ ላይ አድራሻው ስለሚቆረጥ ነካ አርጋችሁ ሙሉውን አውጡት። የቁልፏ ምልክት ደሞ መስመሩ ተመስጥሯል ማለት እንጂ ሰውየው ታማኝ ነው ማለት አይደለም፣ ይሄ ብዙ ሰው ያሳስታል።

ሌላ፣ ወደ ታች እስከ መጨረሻው ውረዱ። ነጭ ላይ ግራጫ በሆነ ደቃቃ ጽሁፍ እኛ የግል ድርጅት ነን ከመንግስት ጋር ግንኙነት የለንም የሚል ታገኛላችሁ። ለዛ ነው ከሰሳችሁም የማይያዙት፣ የመሙላት እገዛ ነው የሸጥነው ይላሉ። ለኔ ግን ሰው እንዳያነበው ተደርጎ የተጻፈ ነገር ማታለል ነው።

ጣና_ዳር፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ደውዬላት ነበር፣ ከስር የተባለው ጽሁፍ አለ፣ አነበበችልኝ። ግን አንድ ነገር ደብቃኝ ነበር፣ ለትልቁ ልጅ ትናንት ማታ ከኔ ጋር ከዘጋን በኋላ ከፍላለች፣ 148ቱ ከካርዷ ወጥቷል። እያለቀሰች ነው። አሁን ምን ታርግ?

ማንችስተር_የጊዮርጊስ_ልጅ፦
አይዟት። እኔም ደርሶብኛል፣ የኢትዮጵያ ሳይሆን የሌላ አገር ነበር። አሁኑኑ ኢሜይል ትጻፍላቸው፣ ማመልከቻው ካልገባ ይቁም ገንዘቤን መልሱ ብላ፣ ያልገባ ከሆነ አንዳንዶቹ የተወሰነውን ይመልሳሉ። ስክሪንሹት ሁሉንም ትያዝ፣ የዋጋውን ገጽ፣ ደረሰኙን፣ ያንን ግራጫ ጽሁፍም። ከዛ ካርዱን የሰጣት ባንክ ጋ ደውላ የመንግስት ሳይት መስሎኝ ነው የከፈልኩት ትበል፣ ካርዱም እንዲቀየርላት ትጠይቅ፣ እንዲህ ያሉት ቦታ አንዴ የገባ ካርድ በኋላም እየቆረጠ ሊቀጥል ይችላል። እኔ ባንኩ መለሰልኝ ግን ሳምንታት ወስዷል፣ ሁሌም ይሳካል አልልም። የልጁ ቪዛ ከመጣም ሳታጣራ እንዳትቀመጥ፣ መንግስቱ ሳይት ላይ የማመልከቻ ሁኔታ ማያ አለ፣ ስሙንና እያንዳንዷን ቁጥር ከፓስፖርቱ ጋር ታስተያይ።

አዴት_መንገድ፦
ይሄ ነገር ወደዚህ ለሚመጡ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አጎቴ ልጁን ሊጠይቅ እንግሊዝ ሊሄድ ፈልጎ አንዱ ሳይት ኢቲኤ ብሎ 90 ፓውንድ አስከፍሎታል። ኢቲኤ እኮ ቪዛ የማይጠየቁ አገሮች ፓስፖርት ለያዙ ሰዎች የሚሰጥ የመግቢያ ፈቃድ ነው፣ ዋጋውም 10 ፓውንድ ነበር ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ነው 16 የገባው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚሄድ ሰው ምንም አያደርግለትም፣ እሱ የሚያስፈልገው የጉብኝት ቪዛ ነው፣ እሱም ጎቭ ዶት ዩኬ ላይ ነው የሚጀመረው። ሰውየው ዜግነትህ ምንድነው ብሎ ጠይቆት ኢትዮጵያዊ ብሎ ሞልቷል፣ እያዩ ነው የተቀበሉት። ለአጎቴ ያ ብር የስንት ወር የጤፍ ሽያጭ ነው።

የአሜሪካው ኢስታም እንደዛው ነው፣ ከመስከረም 20 ቀን 2018 ጀምሮ ከ21 ወደ 40 ዶላር ገብቷል፣ እሱም ለኛ ፓስፖርት አይደለም። እኛ የምንሞላው የአሜሪካ ቪዛ ፎርም ዲኤስ 160 የሚባለው ነው፣ ፎርሙን መሙላት ራሱ አይከፈልበትም፣ የሚከፈለው የቪዛው ማመልከቻ ነው፣ የጉብኝት ከሆነ 185 ዶላር። ፎርሙን ልሽጥልህ ያለ ሰው ካያችሁ ሽሹ።

ሽምብጥ፦
ጣና_ዳር አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እህትሽ ቢጫ ካርድ የላትም? የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ማለቴ ነው። በ1994 የወጣው አዋጅ 270 እኮ ካርዱ ላለው ሰው የመግቢያ ቪዛ አያስፈልገውም ይላል፣ ልጆቿም ማውጣት ይችላሉ፣ ባሏም በጋብቻው። ለዚህ ጉዞ ላይደርስ ይችላል፣ ግን በየዓመቱ ከመጡ በየዓመቱ ከምትከፍል ለንደን ኤምባሲ ጋ ትጀምረው።

ጣና_ዳር፦
ሁላችሁንም ጣና ዳር ቁጭ አርጌ ቡና ባጠጣኋችሁ። ሦስቱን ኢቪዛ ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ ላይ ሞልታ ከፈለች፣ ዋጋው ያላችሁት ነው፣ እኔ በቪዲዮ ፓስፖርቱን እያየሁ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የትልቁን ማመልከቻውን እንዲያቆሙ ጽፋላቸዋለች፣ ባንኩም ካርዱን ዘግቶ ጉዳዩን ይዞላታል፣ መልስ ገና ነው። ቢጫ ካርድ የላትም፣ ሥራ በዝቶባት ነው ያላወጣችው፣ ተመልሳ ስትገባ ትጀምራለች። የጀልባ_ልጅ፣ ከጥምቀት ማግስት ጠዋት ለ6 ሰው ኡራ ኪዳነ ምህረት ደርሶ መልስ ያዝልን፣ ሁለቱ ልጆች ናቸው፣ በልካቸው ላይፍ ጃኬት ካለህ ንገረኝ።

የጀልባ_ልጅ፦
አለኝ፣ የልጆች ሁለት አለ። 2 ሰዓት ላይ ወደቡ ጋ ጠብቁኝ፣ ከሰዓት ንፋስ ስለሚነሳ ማልደን ነው የምንሄደው።