17 ወይስ 19? ዕድሜን ከጥርስ ስለመገመት

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ (ባሕር ዳር)
ለምስለ ችሎት በተሰጠን መዝገብ ላይ፣ በሰው መግደል የተከሰሰው ወጣት ከዘጌ እንጨት በታንኳ እያመጣ የሚሸጥ ነው። ዕድሜው 17 እንደሆነ ይናገራል፤ ዐቃቤ ሕግ 19 ነው ይላል፤ የልደት ምስክር ወረቀት የለውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ 18 ዓመት ባልሞላው ሰው ላይ የሞት ቅጣት እንዳይፈረድ ስለሚከለክል ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የጥርስ ራጅ ይህን ክርክር ሊቋጭ ይችላልን?

መልስ፦ የጥርስ ሐኪም
ሊረዳ ይችላል፤ ሊቋጭ ግን አይችልም። ዕድሜ ከጥርስ በደንብ የሚነበበው ጥርሶቹ ገና በማደግ ላይ ሳሉ ነው። ዴሚርጂያንና ባልደረቦቹ በ1973 እ.ኤ.አ. ያወጡት ዘዴ በታችኛው መንጋጭላ ግራ በኩል ያሉትን 7 ጥርሶች በራጅ እያየ እያንዳንዳቸውን ከ8 የእድገት ደረጃዎች በአንዱ ይመድባል። ችግሩ እነዚህ ሰባቱ በ16 ዓመት ገደማ እድገታቸውን ስለሚጨርሱ፣ ለእናንተ ጉዳይ የሚቀረው የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ብቻ መሆኑ ነው። ራጁ ላይ የሥሩ ጫፍ እንደ ጥሩምባ አፍ ሰፍቶ ከታየ እድገቱ አላለቀም፤ ከተዘጋ ደግሞ 18 ሞልቶታል ወደሚለው ሚዛኑ ያደላል። ሆኖም በ17 ዓመቱ የሚዘጋለትም፣ እስከ 22 ወይም 23 የሚቆይበትም፣ ይህ ጥርስ ጭራሹኑ የማይበቅልለትም ሰው አለ።

መልስ፦ አንባቢ
በሬና በቅሎ የሚገዛ ሰው ከንፈር ገልጦ ዕድሜ ይለያል፤ የሰውስ ጥርስ መበላቱ አይቆጠርም?

መልስ፦ የጥርስ ሐኪም
ይቆጠራል፤ ግን ለአዋቂ፣ ያውም በሰፊ ግምት። ስዊድናዊው ጉስታፍሰን በ1950 እ.ኤ.አ. ከዘረዘራቸው 6 ምልክቶች አንዱ ይኸው ነው፤ የድድ መሸሽና የጥርስ ሥር ብርሃን ማሳለፍም ይገኙባቸዋል። እንደኔ እንደኔ ከሁሉም ደካማው ምስክር መበላቱ ነው፤ በድንጋይ ወፍጮ የተፈጨ ዳጉሳ እየበላ ያደገ ሰው ጥርሱ ከእኩያው ይልቅ ያረጀ ሊመስል ይችላል። የጉስታፍሰን ዘዴ ደግሞ ጥርሱ ተነቅሎ በስሱ መቆረጥን ስለሚጠይቅ በአብዛኛው የሚያገለግለው ለሟች ነው።

መልስ፦ ጠበቃ
የክርስትና ወረቀት ካለ አትለፉት። ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ ስለሚጠመቅ የልደቱን ቀን ወደ ኋላ ቆጥሮ ማግኘት ይቻላል፤ ወረቀቱ ክስ ከተመሠረተ በኋላ የተጻፈ ከሆነ ግን ዐቃቤ ሕግ በቀላሉ አይቀበለውም። ሐኪሙም አንድ ቁጥር ብቻ ጽፎ እንዳይሄድ፤ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ግምት፣ እንዲሁም ዘዴው በየት አገር ልጆች ላይ እንደተቀመረ በጽሑፍ እንዲያስቀምጥ ጠይቁ። የዴሚርጂያን ሰንጠረዥ ለምሳሌ የተሠራው በፈረንሳይኛ ተናጋሪ የካናዳ ልጆች ላይ ነው። ደግሞም ፍርድ ቤቱ የሚያየው ወንጀሉ በተፈጸመበት ቀን የነበረውን ዕድሜ ስለሆነ፣ ራጁ ከዚያ ከስንት ወር በኋላ እንደተነሣ አስልታችሁ ከግምቱ ላይ ቀንሱ።