ስማቸው ብዙም የማይነሳ የፕሮግረሲቭ ሮክ ድራመሮች፦ ከቺክቺካ ለሚመጣ ሰው የትኞቹ ይጠቅማሉ?

ፒያሳ_ስኔር

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ፕሮግረሲቭ ሮክ (ጎዶሎ ምትና ረጅም፣ ውስብስብ ዘፈን የሚበዛበት የሮክ ዓይነት) ሲነሳ የሚጠሩት ድራመሮች ሁሌም እነዚያው ናቸው፦ ኒል ፒርት፣ ቢል ብሩፎርድ፣ ካርል ፓልመር፣ ፊል ኮሊንስ። ክብራቸው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ስለ እነሱ የተባለው ይበቃል። የምፈልገው እነሱ የጋረዷቸውን ነው፤ ለማድነቅ ብቻ ሳይሆን ቁጭ ብሎ ለማጥናት።

የባንዳችን አሠራር እንዲህ ነው፦ ማታ ማታ ካዛንቺስ አካባቢ እንጫወታለን፤ ሳክስፎን፣ ኪቦርድና ጊታር አለ፣ ቤዝ ተጫዋች የለንም። ቺክቺካ (በ6/8 የሚሄደው የሀገራችን ምት) እና 4/4 አያስቸግሩኝም። 7/8 እና 9/8 (በአንድ ባር፣ ማለትም በአንድ የምት ዙር፣ 7 ወይም 9 ኖት ያላቸው) ላይ ግን እጄ ወደ 6 ወይም ወደ 8 ይጎትተኛል። ልምምዱ ደግሞ ፒያሳ፣ ግድግዳው ስስ በሆነ የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሙሉ ድራም መምታት አይታሰብም። ማንን ልስማ? ከምን ልጀምር?

ባለ_ራይድ

ማይክል ጋይልስን ሳትሰማ ወደ ሌላ አትለፍ። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የኪንግ ክሪምሰን የመጀመሪያ አልበም ላይ ድራሙን የመታው እሱ ነው። ብሩፎርድ ወደዚያ ባንድ የገባው በ1972 ነው፤ ሰዉ ግን ስለ ክሪምሰን ድራም ሲያወራ ከብሩፎርድ ይጀምርና ጋይልስን ይዘለዋል።

የአልበሙ የመጀመሪያ ዘፈን መሃል ላይ ጊታር፣ ሳክስፎን፣ ቤዝና ድራም አብረው ሮጠው አብረው ቀጥ የሚሉበት ቦታ አለ። ብዙው ሰው በፍጥነቱ ይገረማል። አንተ ዝምታውን ስማው። በሁለት ሩጫ መካከል ያለው ባዶ ቦታ እንደ ምቱ ሁሉ ተቆጥሮ የተያዘ ነው። እዚያ ጋ ድራመር የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ በመቸኮል ነው፤ ዝም ሲባል እጅ ቶሎ መግባት ያምረዋል። መፍትሔው እጅህ ባረፈበት ጊዜ ሁሉ የግራ እግርህ ሃይሃቱን (በፔዳል የሚጋጩትን ጥንድ ሳህኖች) መርገጥ እንዳያቆም ማድረግ ነው። መጀመሪያ ላይ በድምፅ ርገጥ፤ ከለመድከው በኋላ ያለ ድምፅ።

ሌላው የስኔሩ (ፊት ለፊት ያለው ስል ድምፅ ያለው ከበሮ) ነገር ነው። በዋናዎቹ ምቶች መካከል የሚጨምራቸው ለስላሳ ምቶች ካልተጠነቀቁ አይሰሙም፤ ዘፈኑን የሚያስኬዱት ግን እነሱ ናቸው። ስትለማመድ ለስላሳውን ከ3 ሴንቲሜትር፣ ዋናውን ከ25 ሴንቲሜትር ከፍታ ምታ። ሁለቱ ከፍታዎች ከተቀራረቡ ሁሉም እኩል ይጮህና ጫጫታ ይሆናል። በስልክ ስፒከር አትስማ፣ ቤዝ ድራሙ ይጠፋብሃል። በጆሮ ማዳመጫ፣ ያውም ሙዚቀኛው ስቲቨን ዊልሰን በ2009 ድምፁን እንደገና የቀላቀለውን የአልበሙን ቅጂ ስማ፤ ድራሙ እዚያ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ዘጠኝ_በስምንት

ፊል ኮሊንስን ከጥያቄው ማውጣትህ አልተዋጠልኝም። ስሙ ገናና ነው፣ ግን የገነነው በዘፋኝነቱ ነው። ታክሲ ውስጥ ዘፈኑን ከሚሰማው ሰው ስንቱ ነው ከ1970 ጀምሮ የጄነሲስ ድራመር እንደነበር የሚያውቀው? በድራመርነቱ የሚገባውን ያህል አልተወራለትም ባይ ነኝ።

ላንተ ችግር ደግሞ ከእሱ የተሻለ አስተማሪ የለም። ፎክስትሮት በተባለው የ1972 አልበም፣ በረጅሙ ዘፈን መጨረሻ አካባቢ ያለው 9/8 ለቺክቺካ ሰው ወጥመድ ነው። ጆሯችን 9ን ሲሰማ ወዲያው 3+3+3 ብሎ ይከፍለዋል፤ ቺክቺካው በ3 በ3 ስላስለመደን። ኮሊንስና ቤዙ የያዙት ግን 3+2+4 ነው። ኦርጋኑ ደግሞ ለዚያ ክፍፍል ሳይታሰር በላዩ ላይ እንደፈለገ ይሄዳል። ኦርጋኑን ከተከተልክ ጠፋህ። መጀመሪያ ጭንህን በእጅህ እየመታህ 3፣ 2፣ 4ቱን ብቻ ያዝ፤ ኦርጋኑን መስማት የምትጀምረው እጅህ ሳታስበው መሄድ ሲችል ነው።

በቁጥር እየቆጠርክ ግን አትለማመድ። ቁጥሮቻችን ርዝመታቸው እኩል አይደለም፤ «ሦስት» ባንዴ ይወጣል፣ «ስድስት» እና «ሰባት» ይጎተታሉ። ፍጥነት ሲጨምር የባሩ መጨረሻ ይረዝምና 7ቱ 8 ይሆናል። የደቡብ ሕንድ ሙዚቀኞች እንደሚያደርጉት በድምፅ ያዘው፦ ለ2 «ታካ»፣ ለ3 «ታኪታ»፣ ለ4 «ታካዲሚ»። ስለዚህ 9ኙ «ታኪታ ታካ ታካዲሚ» ነው፣ 7ቱ «ታካ ታካ ታኪታ»።

ኦርጋን_ፔዳል

ቤዝ የለንም ላልከው መልሱ ጋይ ኢቫንስ ነው፣ ቫን ደር ግራፍ ጀነሬተር የተባለው ባንድ ድራመር። ቤዝ ተጫዋቻቸው በ1970 ሲለቅ ሌላ አልተኩም፤ ዝቅተኛውን ድምፅ ሂው ባንተን በኦርጋን ፔዳል መያዝ ጀመረ። ፊት ለፊት የሚሰማው የዴቪድ ጃክሰን ሳክስፎን ነው። የእናንተ ባንድ አሰላለፍ ማለት ነው እኮ። በ1971 የወጣውን ፓውን ኸርትስ የተባለ አልበማቸውን ከዳር እስከ ዳር ስማው፣ ድራሙን ብቻ እየተከተልክ።

ቤዝ የሌለበት ባንድ ውስጥ ድራመር ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ባዶውን በኪክ (በእግር በሚመታው ቤዝ ድራም) ለመሙላት ሲሞክር ነው። ኪቦርዱ በግራ እጅ የሚጫወተውን እያንዳንዱን ኖት በኪክ ከደገምከው ድምፁ ይጨናነቃል፣ ሁለታችሁ በትንሹ ከተሳሳታችሁ ደግሞ ዝርክርክነቱ ወዲያው ይሰማል። የባሩን መጀመሪያና አንድ ሌላ ቦታ ብቻ አብራችሁ ያዙ፤ የቀረውን ለፍሎር ቶም (መሬት ላይ ለሚቆመው ትልቅ ከበሮ) ተወው። ቤዝ ድራሙ ውስጥ ብርድ ልብስ አጭቀህ ከሆነ ግማሹን አውጣ። ቤዝ ጊታር በሌለበት «ዱብ» ብሎ የሚሞት ኪክ አይጠቅምም፣ ትንሽ መቆየት አለበት።

የጀንትል ጃይንት ባንዱን ጆን ዌዘርስን ጨምርበት፣ ከ1972ቱ ኦክቶፐስ አልበም ጀምሮ። ሌሎቹ አባላት በየራሳቸው መንገድ ሲጠላለፉ እሱ ጠንከር ያለና ቀላል ምት ይዞ ይቆማል። «ቀላል ነው» ተብሎ የታለፈውም ለዚህ ነው፣ በጣም ያሳዝናል። እሱም እንደ ሌሎቹ ቢወሳሰብ ሙዚቃው ባልተያዘ ነበር።

ፒያሳ_ስኔር

እግዜር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ በ7/8 «ታካ ታካ ታኪታ» እያልኩ ሃይሃቱን በየሁለት ኖቱ በእግሬ ስረግጥ፣ ሁለተኛው ባር ላይ እግሬ ይገለበጣል፣ ከባሩ መጀመሪያ ጋር አይገጥምም። ምኑ ላይ ነው የምስተው?

ዘጠኝ_በስምንት

እግርህ ልክ ነው፣ እንዳታቆመው! 7 ጎዶሎ ስለሆነ በ2 አይካፈልም፤ ሁለት ባር ግን 14 ነው። በመጀመሪያው ባር እግርህ 1፣ 3፣ 5 እና 7 ላይ ይወርዳል፤ በሁለተኛው 2፣ 4 እና 6 ላይ። ከዚያ እንደገና 1 ላይ ይገናኛል። 7/8 እየተንገጫገጨ የሚሄድ የሚመስለው በየባሩ እግርን እንደገና ከ1 ስለሚያስጀምሩት ነው። ሳታቋርጥ ካለፍክ ሁለቱ ባር አንድ ሆኖ ይፈስሳል። በ1973 የወጣው የጄነሲስ ዘፈን ሲነማ ሾው መጨረሻ ላይ ያለውን ረጅም 7/8 ይህን ይዘህ ስማው፣ ሌላ ሙዚቃ ይሆንብሃል።

የስልክህን ሜትሮኖም መጀመሪያ 120 ላይ አድርግ፣ እያንዳንዱ ምት አንድ ኖት። ሲቀልህ ወደ 60 አውርደው፤ ያንተ ፍጥነት ያው ነው፣ ሜትሮኖሙ ግን አሁን በየሁለት ኖቱ ስለሚመታ ልክ እንደ እግርህ ይገለባበጣል። ሁለት ደቂቃ ሳትወድቅ ከሄድክ 4 ጨምር። በመጨረሻ ድምፁን ለ4 ባር አጥፍተህ መልሰው። ሲመለስ ቀድመኸው ከተገኘህ ያሳጠርከው «ታኪታ»ውን ነው፣ ሌላ ቦታ አትፈልግ።

ባለ_ራይድ

ሃትፊልድ ኤንድ ዘ ኖርዝ በተባለው ባንድ የመታውን ፒፕ ፓይልንም አትርሳ፤ እንደ 7/8 ያለ ጎዶሎ ሜትር እንዲህ ቀለል ብሎ ሲመታ እምብዛም አይሰማም። ጎንግ የተባለው ባንድ ፒየር ሞርለንም አለ፤ ቫይብራፎን ይጫወት ስለነበር ሙላቱ አስታጥቄን ለሚወድ ጆሮ ይቀርባል። የጄትሮ ተሉን ባሪሞር ባርሎን ለኋላ አቆየው፣ የ1972ቱ አልበም ሁለቱም ገጽ አንድ ወጥ ዘፈን ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ያሰለቻል።

ለክፍሉ፦ የልምምድ ፓድ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥክ የጎረቤትን ግድግዳ የሚያናውጠው ጠረጴዛው ነው። ብርድ ልብስ አራት እጥፍ አጥፈህ ከስሩ አድርግ። ኪኩን ደግሞ በፔዳል ሳይሆን ተረከዝህን መሬት አሳርፈህ በጣትህ ብቻ ርገጥ፤ ለ7/8 ልምምድ የሚያስፈልግህ ሰዓቱ ነው፣ ጉልበቱ አይደለም።