ድሬዳዋ በሁለት ቀን፦ ከዚራ፣ መጋላና የድሮው ባቡር ወርክሾፕ

መንገደኛ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። ሐሙስ ከአዲስ አበባው ለቡ ጣቢያ በባቡር ተነስቼ ድሬ እገባለሁ፣ እሑድ ጠዋት በአውሮፕላን እመለሳለሁ። ማየት የምፈልገው የድሮውን የባቡርና የፋብሪካ ከተማ ነው፤ የምድር ባቡሩን ጣቢያና ወርክሾፕ፣ ከዚራን፣ መጋላን፣ ከተቻለም ሲሚንቶ ፋብሪካውንና ጨርቃ ጨርቁን። አርብን ለሰፈሮቹ፣ ቅዳሜን ለወርክሾፑ መድቤያለሁ። ያስኬዳል? እናቴም አብራኝ ናት፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ አትራመድም።

የዲፖ ልጅ፦
አቦ፣ እቅዱን ገልብጠው። ወርክሾፑ ሙዚየም አይደለም፣ ትኬት ቆርጠህ የምትገባበት በር የለውም። የሚገባው በድሮው ጣቢያ ግቢ ካለው ቢሮ ፈቃድ ተጠይቆ ነው፤ ቢሮ ደግሞ ቅዳሜ ሰው አታገኝበትም። ስለዚህ አርብ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ሁን። አርብ የመንግሥት ቢሮ ለጁምዓ ከ5፡30 እስከ 7፡30 እንደሚዘጋ አትርሳ። አራት ሰዓት ላይ ደርሰህ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ከሆነ ቀኑ አለቀ ማለት ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚከፍትልህን ሰው ፍለጋ ትዞራለህ።

መታወቂያ ያዝ። ፎቶ ማንሳት ከፈለግህ ፈቃዱን ስትጠይቅ አብረህ ተናገር። ውስጥ ገብተህ ካሜራ ካወጣህ በኋላ የሚነሳ ክርክር ጉብኝቱን ያቋርጠዋል። አብሮህ የሚዞር ሠራተኛ ይመደብልሃል፤ ዕድል ቀንቶህ ከአሮጌዎቹ አንዱ ከሆነ ፈረንሳይኛ ጣል እያደረገ ያስረዳሃል፣ አታጣድፈው።

እዚያ የምታየው የ1 ሜትር ሐዲድ፣ የቆሙ የናፍጣ ባቡሮች፣ ፉርጎዎችና ክፍሉን የሞላ የቶርኖ (የብረት መቅረጫ) እና የመቁረጫ ማሽን ነው። መለዋወጫው ሁሉ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ መጠበቅ ስለማይቻል ብዙውን እዚያው ቀርጸው ይሠሩት ነበር። እኔ ብጠየቅ ከባቡሮቹ ይልቅ ማሽኖቹን እዩ እላለሁ። አዲሱ መስመር ስፋቱ 1.435 ሜትር ስለሆነ በዚህ ሐዲድ ላይ አይሄድም፤ ጣቢያውም ከከተማ ወጥቶ ለብቻው ነው የተሠራው።

ጫማ ድፍን ይሁን፣ ወለሉ ዘይትና የብረት ፍቅፋቂ ነው። በሐዲዶቹ መሀል ከባቡር ሥር ገብተው የሚሠሩባቸው ጉድጓዶች አሉ፤ ፎቶ እያነሳህ ወደ ኋላ አትራመድ። ውስጡ ጨለማ፣ በሩ ደግሞ የሚያቃጥል ብርሃን ስለሆነ በሩን ከጀርባህ አድርገህ ካላነሳህ ሥዕሉ ነጭ ብቻ ይሆንብሃል። እናትህ ጠጠሩ ላይ ይቸገራሉ። ጣቢያው ፊት ለፊት ካሉት ካፌዎች ጥላ ሥር ይቀመጡ፣ ጣቢያውን ከዚያው ሆነው ያዩታል።

ከዚራ 02፦
የዲፖ ልጅ ያለው ልክ ነው፣ ቅዳሜን ለእግር ጉዞ አድርገው። መነሻህ ጣቢያው ይሁን፤ ከተማዋም የተነሳችው ከዚያ ነው። ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው፤ ተራራውን መውጣት ወጪው ስለከበደ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ እዚህ ቆመ፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። በመሀሉ ባሉት ዓመታት ጭነቱም ነጋዴውም እዚህ ይራገፍ ነበር።

ጠዋት 12፡30 ውጣ። ከዚራ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ሰፊ በረንዳ ያላቸው የባቡር ሠራተኞች ቤቶችና ጥላ ያለው ሰፈር ነው፤ በቀስታ ቢታይ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። በሚያዝያና በግንቦት ብትመጣ የድሬዳዋ ዛፍ ቀይ አብቦ ታገኘው ነበር፣ ግን ሙቀቱን አትችለውም። ቤተ መንግሥቱ አካባቢ ስልክህን ኪስህ ውስጥ አድርግ። ለድልድይና ለአውሮፕላን ማረፊያም እንደዚያው፣ ጥበቃው አይታገሥም።

ከዚያ የደቻቱን ወንዝ በድልድዩ ተሻግረህ መጋላ። አንዳንዱ ሰው የወንዙን አሸዋ አቋርጦ ሲሄድ ታያለህ፤ በበጋ ችግር የለውም። በበልግና በክረምት ግን እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ደንገጎ ተራራ በኩል ከጣለ ጎርፉ በድንገት ይመጣል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት የመጣው ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። በነዚያ ወራት ወደ ተራራው ጠቁሮ ካየህ ከአሸዋው ውጣ፣ ሌላ ምልክት አትጠብቅ።

መጋላ ውስጥ ካርታ አያስፈልግህም፣ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ ቀፊራ ገበያ ብለህ ጠይቅ። ገበያው የሚደምቀው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ነው፤ ከገጠር የመጣው ኦሮሞውም ሶማሌውም ያኔ ነው ያለው። ሰው ከማንሳትህ በፊት አስፈቅድ። ቁርስ ፈጢራ ወይ ፉል እዚያው ብላ። ከ6 እስከ 10 ሰዓት አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው፤ የሚዘጋው ለሙቀቱና ለጫት ነው፣ በር አታንኳኳ፣ አንተም ተኛ። ከ10 በኋላ አሸዋና ታይዋን የሚባሉት ገበያዎች ይነቃሉ።

እናትህን ባጃጅ በኮንትራት ያዝላቸው፣ ለሰዓቱ ዋጋ ሳይቆረጥ እንዳይሳፈሩ። ከዚራን ሙሉ በባጃጅ ማየት ይቻላል። መጋላ ግን ሰፊው መንገድ ላይ ብቻ ነው የሚያደርሳቸው።

ሰብለ ሳቢያን፦
ስለ ፋብሪካዎቹ እውነቱን ልንገርህ፣ አትልፋ። ሲሚንቶው በጣሊያን ጊዜ የተተከለ፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው፤ ጨርቃ ጨርቁን ሰፈሩ ኮተኒ ይለዋል። ሁለቱም ለጎብኚ የተዘጋጁ አይደሉም። አጥሩንና ጭስ ማውጫውን ከመንገድ ታያለህ፣ ፎቶ ስታነሳ ዘበኛ ይጠራሃል። በባጃጅ አለፍ ብላችሁ ተመለሱ።

በዚያ ሰዓት ፋንታ ጉልበት ካለህ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ይሻልሃል፤ ከከተማው በስተደቡብ ቅርብ ነው። በ1929 እ.ኤ.አ. ነው ለተመራማሪዎች የታወቀው፣ የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን መሣሪያ በብዛት ወጥቶበታል። አቀበቱ ድንጋያማና ጥላ የለሽ ነው፣ ጠዋት ካልሆነ አይሞከርም፣ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይምራህ። ለእናትህ አይሆንም።

ከታይዋን ኤሌክትሮኒክስ ገዝተህ በመኪና ብትመለስ ኖሮ ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ኬላ ላይ ሊወሰድብህ ይችል ነበር። በአውሮፕላንም ቢሆን ደረሰኝ ተቀበል።

ሌላው ትንኝ ነው። እዚህ ዴንጊና ቺኩንጉኒያ ገብተው ያውቃሉ፤ አስተላላፊዋ ትንኝ የምትነክሰው ቀን ነው፣ አጎበር ብቻ አያድንህም። የሚቀባ መከላከያ ያዝ፣ በተለይ ከዝናብ በኋላ። የቧንቧው ውሃ ደግሞ ከባድ ነው፣ ሳሙና አረፋ አይሰጥህም፤ የሚጠጣ የታሸገ ግዛ፣ በሙቀቱ ለሰው በቀን 3 ሊትር አስብ።

መንገደኛ፦
አመሰግናለሁ፣ ገልብጬዋለሁ። ባቡሩ ሲያደርሰን ከአዲሱ ጣቢያ ወደ ከተማ እንዴት ነው?

የዲፖ ልጅ፦
ጣቢያው ከከተማ ይርቃል፣ በእግር አይታሰብም። ሰው ሲወርድ ሚኒባስና ባጃጅ ይሰለፋል፤ ባቡሩ ከዘገየ ግን ይቀንሳል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ሆቴልህ መኪና እንዲልክ አስቀድመህ ንገር፣ ሹፌሩም ባቡሩ መነሳቱን ከለቡ ደውለህ ካረጋገጥህለት በኋላ ይውጣ። ባቡሩ በየቀኑ ስለማይሄድ ረቡዕ ዕለት የሐሙሱ መኖሩን ጠይቅ። ለትኬቱ የሁለታችሁም መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ሻንጣ ስለሚፈተሽ ከመነሻው ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ለቡ ድረሱ።