በስቅለት ሥዕል የእመቤታችን ሐዘን በምን ይታያል?

ወለተ ማርያም፦ ሰላም ለሁላችሁ። 30 በ40 ሳንቲሜትር የዋንዛ ጣውላ ላይ በአስኳል በተለወሰ ቀለም ስቅለትን እየሣልኩ ነው። የእመቤታችንን ሐዘን ለማሳየት አፏን ወደ ታች ስስብ፣ ቅንድቧን ስሰበስብ የቲያትር ፊት ይሆናል፤ ጸሎት የሚደረስበት አይመስልም። የፊቷ ጥላም ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። እንባ ልጨምር ወይ?

ዘጎንደር፦ እህቴ፣ ፊቷን ለጊዜው ተዪውና ከእጇና ከአንገቷ ጀምሪ። በእኛ ሥዕል ሐዘንን የሚሸከመው አካል ነው። እጅን ጉንጭ ላይ ማስደገፍ በለቅሶ ቤት የምናውቀው ነው፤ በድሮ ስቅለቶችም ከመስቀሉ ሥር የቆሙት እንዲሁ ናቸው። ራሷን ወደ መስቀሉ አዘንብዪ፣ ግን ሁለቱም ዓይኖቿ ይታዩ፤ በአንድ ዓይን በጎን የሚሣሉት ክፉዎቹ ናቸውና።

ብሌኑን ከላይኛው ቆብ ጋር አስነኪው፤ ዙሪያውን ነጭ ከከበበው የደነገጠች ትመስላለች። ቅንድቡን አትሰብስቢ፤ የውስጥ ጫፉን በአንድ ሚሊሜትር ከፍ ማድረግ ይበቃል። አፍ ትንሽና ዝግ።

ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. የተወሰደውን፣ ኩርዓተ ርእሱ የሚባለውን የክርስቶስ ሥዕል ልብ በዪ፦ አክሊለ ሦክ ደፍቶ ፊቱ አይጨማደድም። ሕማሙን በፈቃዱ መቀበሉ የሚታመነው በዚያ ጸጥታ ነው፤ እናቱንም ስታስጮኺያት ይህ ይጠፋል። ስለ እንባው፣ እኔ አልመክርም፤ ዓይን ከመስቀሉ ላይ ይነቅላል።

ወደ ስንጥቁ ስንመጣ፣ የሚሰነጠቀው ጥላው ብቻ ከሆነ ቀለሙ ወፍሮ ነው። የአስኳል ቀለም ውፍረት አይወድም። በቀጭን ብሩሽ፣ ጭረት በጭረት፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን ደርቢ። በጥቁር አታጨልሚ፣ ገላው አመድ ይለብሳል፤ ቀይ አፈር ቀለም ላይ ጥቂት አረንጓዴ ይሻላል።

አስኳሉን ከነጩ ለይተሽ ሽፋኑን ብጪ፣ ፈሳሹን ብቻ ውሰጂ፤ ለአንድ አስኳል አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ። በውሃ ከታሸው ቀለም ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅይ። መስታወት ላይ ቀብተሽ ሲደርቅ በምላጭ ላጪው፦ እንደ ስስ ቆዳ ከተነሣ ልኩ ነው፤ ዱቄት ከሆነ አስኳል አንሶታል፤ ከተጣበቀ በዝቶበታል።

ስንጥቁ እስከ እንጨቱ ከወረደ ግን ጥፋቱ ከሥሩ፣ ከቀለሙ በፊት ጣውላው ላይ ከሚቀባው ነጭ ልባጥ ነው። የግንበኛ ጄሶ አትጠቀሚ፣ ሙጫው ውስጥ ይጠጥራል፤ የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት ይሁን። አንድ እጅ የቆዳ ሙጫ በአሥር እጅ ውሃ አሳድሪ፣ በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አሙቂ፤ ሙጫው ራሱ ከፈላ ኃይሉ ያልቃል። ዱቄቱን ቀላቅለሽበት ከስድስት እስከ ስምንት ስስ ንብርብር ቀቢ፣ የላይኛው ከታችኛው የበረታ ሙጫ አይኑረው። መጨረሻ ላይ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሺ።

ወለተ ማርያም፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስንጥቁ ጥላው ላይ ብቻ ነው። ጽሑፉስ የት ይገባል?

ዘጎንደር፦ ከላይ፣ ከመስቀሉ ግራና ቀኝ፣ «ዘከመ ሰቀልዎ» (እንደ ሰቀሉት) ብለሽ በግእዝ። ለቤተ ክርስቲያን ከሆነ ካህናቱ ንድፉን በእርሳስ ሳለ ይዩት፤ ቀለም ከገባ በኋላ ማረም ፍቆ እንደ መጀመር ነው።