የንጽሕና ወረቀት አለኝ፤ ማንነቱን ግን ማን ይንገረኝ?

ሰላም ለእናንተ። ጅማ የምኖር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። ለፀረ ባክቴሪያ ሙከራ ኤልኤል-37 የተባለውን ባክቴሪያ ገዳይ ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት) 5 ሚሊግራም ከውጭ አስመጣሁ። ወረቀቱ «ንጽሕና 98 በመቶ» ይላል። ባክቴሪያዎቹ ግን ምንም ሳይነካቸው እንደ ክረምት ሣር ይለመልማሉ።

በኤችፒኤልሲ (ድብልቅን ለያይቶ በሚያሳይ መሣሪያ)፣ በ214 ናኖሜትር ብርሃን ሳየው በግራፉ ላይ አንድ ጥርት ያለ ጫፍ ወጣ። ደስታዬ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። አማካሪዬ «ይህ ንጹሕነቱን እንጂ ምንነቱን አይነግርሽም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ንጹሕ የሆነ ሌላ ፔፕታይድም አንድ ጫፍ ያወጣል። የእኔው 37 አሚኖ አሲድ ያለው በመሆኑ የሞለኪውሉ ክብደት ወደ 4493 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) መሆን አለበት። ይህን የሚመዝነው ማስ ስፔክትሮሜትር ደግሞ በእጄ የለም።

የቀረኝ 1 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ እሱም ከውኃና ከፔፕታይዱ ዝግጅት ከሚቀረው የትሪፍሎሮአሴቲክ አሲድ ጨው ጋር ተመዝኖ። (ጨው በፔፕታይድ ዋጋ መግዛቴን ሳስብ ቡናዬ ይመረኛል።)

እባካችሁ፣ በአገር ውስጥ ናሙና በክፍያ የሚመረምር ቤተ ሙከራ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ስንት ማይክሮግራም ይበቃል? ደረቅ ዱቄቱን ልላክ ወይስ አሟሙቼ? እስከ አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ ሲሄድ በበረዶ ማሸግ ግድ ነው? ወይስ ፔፕታይዱ ደህና ሆኖ፣ ባክቴሪያዎቹ በሚያድጉበት ማሳደጊያ ውስጥ ያለው ጨው ጉልበቱን አዳክሞት ይሆን?