8 + 4 = □ + 5 ላይ ልጄ 12 ጻፈች፤ ምን ያልገባት ነገር አለ?

ጥያቄ፦ የሰኞ ገበያዋ እናት (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስተኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለችኝ። መደመርና መቀነስ አያስቸግራትም፤ የማባዛት ሠንጠረዡንም በቃሏ ታወርደዋለች። ባለፈው ቅዳሜ ግን 8 + 4 = □ + 5 ብዬ ጽፌ ብሰጣት ብዙም ሳታስብ በሳጥኑ ውስጥ 12 ጻፈችበት። «አምስቱስ?» ስላት ትንሽ አሰበችና ከጎኑ ሌላ የእኩል ምልክት ጨምራ 17 ብላ ዘጋችው። ስድስተኛ ክፍል የሆነው ወንድሟም መጥቶ አየና «ትክክል ነች» አለኝ። «7 ነው» ብዬ መንገር ማስተማር ስላልመሰለኝ ዝም አልኩ። ይህ የትኩረት ማነስ ነው ወይስ ያልተማሩት ነገር አለ? አልጀብራ ከፍ ያለ ክፍል ሲደርሱ የሚመጣ ነገር ይመስለኝ ነበር።

መልስ፦ የቦርከናው መምህር (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ የልጆችዎ ትኩረት አላነሰም። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ ጥያቄ ለ145 የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች አቅርቦ ሁሉም 12 ወይም 17 ብለው መልሰዋል። ልጆች የእኩል ምልክትን «ከዚህ ቀጥሎ መልሱን ጻፍ» የሚል ትእዛዝ አድርገው ያነቡታል፤ ለዚህም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ 3 + 4 = □ እያልን ስናስደምራቸው ከርመን □ = 3 + 4 ወይም 7 = 7 የሚል ነገር ሳናሳያቸው የምናሳልፋቸው እኛ መምህራኑ ተጠያቂዎች ነን። አማርኛችንም ያባብሰዋል። «ሦስት ሲደመር አራት እኩል ይሆናል ሰባት» ስንል፣ «ይሆናል» የሚለው ቃል ሊጡ ተጋግሮ እንጀራ ይሆናል እንደማለት ስለሚሰማ፣ በግራ በኩል ያለው ነገር አልቆ በቀኝ በኩል ሌላ ነገር የተገኘ ያስመስለዋል። እኔ «ሦስትና አራት ተደምረው ከሰባት ጋር እኩል ናቸው» ማሰኘት ጀምሬያለሁ፤ ይረዝማል፣ ልጆቹም መጀመሪያ ላይ ይስቁበታል፣ ነገር ግን ምልክቱ ሁለት ወገኖችን የሚያስተያይ መሆኑ ቶሎ ይገባቸዋል። ምልክቱን እ.ኤ.አ. በ1557 ያስተዋወቀው የዌልሱ የሂሳብ ሊቅ ሮበርት ሬኮርድም ሁለቱን ትይዩ መስመሮች የመረጠው ከእነርሱ የበለጠ እኩል የሆነ ነገር የለም ብሎ ነው።

ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ካገኙ ሥራው ይቀልልዎታል። በአንዱ ሳህን ላይ አንድ ዓይነት ሳሙና ስምንት፣ ቀጥሎም አራት፣ በሌላው ላይ አምስት ያስቀምጡና ሚዛኑ እስኪስተካከል ድረስ ልጅዎ አንድ በአንድ ትጨምር። (ዲጂታሉ ሚዛን ለዚህ አይሆንም፤ እርሱ ራሱ መልስ ነጋሪ ነው።) ከዚያ በኋላ 47 + 28 = 48 + 27 እውነት ወይስ ሐሰት ብለው ይጠይቋት፤ ስሌት ግን ይከልክሏት። እኔ ክፍል ውስጥ አንዱ ልጅ «አንዱ ከወዲያ ወደዚህ ተሻገረ እንጂ የጨመረም የጎደለም የለም» ብሎ መልሶልኛል። ምንም ሳይደምር የቁጥሮቹን ዝምድና ብቻ ተመልክቶ ፈረደ፤ እኔ የልጅ አልጀብራ የምለው ይህንን ነው።

መልስ፦ ጡረተኛው (ደሴ፣ ፒያሳ)

መምህሩ ባሉት ላይ ጥቂት ልጨምር። «አልጀብራ» የመጣው በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ ይሠራ የነበረው አል ኸዋሪዝሚ ከጻፈው መጽሐፍ ርእስ ነው። በዐረብኛ «ጀብር» የጎደለን መሙላት፣ የተሰበረን አጥንት መመለስ ማለት ነው፤ የእኛ ወጌሻ የሚሠራው ሥራ መሆኑ ነው። የልጅቷም ሳጥን ጎዶሎ ሆኖ የሚሞላ ነውና ስሙ ይስማማዋል።

በቁጥር ፈንታ ፊደል ወደ መጻፍ ለመግባት ግን አትቸኩሉ። አንድ ልጅ «3ሙ» (ሦስት ጊዜ ሙ) ተጽፎ ሲያይ «ሦስት ሙዝ» ብሎ ቢያነበው፣ «ሙ» የሙዙ ምሕጻረ ቃል ሳይሆን የአንዱ ሙዝ ዋጋ ስንት ብር እንደሆነ የሚያመለክት ቁጥር መሆኑ አልገባውም ማለት ነው። ይህ ስሕተት ሥር ከሰደደ በኋላ ነቅሎ ማውጣት አድካሚ መሆኑን ብዙ ዓመት አስተምሬ አይቼዋለሁ።

መልስ፦ የአራተኛ ክፍል ሂሳብ (ደሴ)

ጋሼ ስለ ፊደሉ ባሉት እስማማለሁ፤ መምህሩ ግን ሁሉንም ነገር በሚዛኑ ላይ የጫኑት ይመስለኛል። ሚዛን እኩልነትን ያሳያል፤ ልጆች ከጥቂት ምሳሌ ተነሥተው ሁልጊዜ የሚሠራ ደንብ ማውጣትን ግን ከእርሱ አይማሩም። እኔ የሰርግ ድንኳን ሥዬ አስተምራለሁ። አራት ማዕዘን የሆነ አንድ ጠረጴዛ አራት ሰው ያስቀምጣል፤ ሁለት ጠረጴዛ ጫፍና ጫፉ ሲገጠም ስድስት፣ ሦስት ሲገጠም ስምንት ሰው ይቀመጣል። «አሥር ጠረጴዛ ቢገጠምስ?» ስል አብዛኞቹ ሁለት ሁለት እየጨመሩ በጣታቸው ቆጥረው 22 ላይ ይደርሳሉ። መቶ ስላቸው ግን ጣት አለቀ፣ ክፍሉም ዝም አለ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ተነሥታ «ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ ወዲህና ወዲያ ሁለት ሰው አለ፤ ከዳርና ከዳር ደግሞ ሙሽራውና ሙሽሪት ብቻ ናቸው» አለች። 202! ሙሽሮቹን ጎን ለጎን ከማስቀመጥ ይልቅ ዳርና ዳር ያደረገቻቸው ለሂሳቡ ብላ ነው፤ ይቅር ተብላለች። ፊደል ሳትጽፍ ለማንኛውም የጠረጴዛ ብዛት የሚሠራ ደንብ አወጣች፤ በኋላ «የጠረጴዛው ብዛት» የሚለውን በአንድ ፊደል መተካት ለእርሷ የአጻጻፍ ማሳጠሪያ ብቻ ነው የሚሆነው።

ጠያቂዋ፦ የሰኞ ገበያዋ እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከጎረቤት ሱቅ ሚዛን ተውሼ በሳሙና ሞከርነው። ሰባተኛውን ስታስቀምጥ ሳህኖቹ እኩል ቆሙና እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች፤ የነካችው እንደሆነ የሚፈርስ መስሏታል። ትንሽ ቆይታ «ከሁለቱም አንድ አንድ ባነሣስ?» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ አነሣች፤ ደግማም አነሣች፤ ሳህኖቹ ባዶ እስኪሆኑ ድረስ ቀጠለች። ወንድሟ ግን እስካሁን «ታዲያ 17ቱ የት ሄደ?» እያለ ነው።