የአልጋ ወራሹ ሕመም መደበቁ ልክ ነበር?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያችን የመጨረሻው የሩሲያ ዛር የዳግማዊ ኒኮላይ ልጅ አሌክሲ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ.) በ1904 ተወለደ። ሂሞፊሊያ ነበረበት፤ ደሙ ቶሎ አይረጋም። ቤተ መንግሥቱ ይህን ከሕዝብ ደበቀ። ልክ ነበር? ስድብ የለም!

የታሪክ ተማሪ፦ በፍጹም። ሕዝቡ እናቱ እቴጌይቱ በጸሎት ይፈውሳል የተባለውን ራስፑቲንን ለምን እንዳስጠጋችው ቢያውቅ ኖሮ ያ ሁሉ ወሬ ባልተናፈሰ። ልጄን ያስታግስልኛል ብላ የያዘችውን ሰው አገሩ ውሽማዋ ነው አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ሐኪሟ፦ ምን መድኃኒት ነበረና ወንድሜ? ዛሬ የጎደለውን የደም ማርጊያ ፕሮቲን በመርፌ እንሰጣለን። ያኔ ግን ማስተኛትና መጠበቅ ብቻ ነበር። በ1912 ፖላንድ ውስጥ በነበረው የዛሩ የአደን ማረፊያ፣ ስፓላ ላይ ጭኑና ብሽሽቱ ውስጥ ደም ፈሶ፣ እግሩን ወደ ሆዱ አጥፎ ቀን ከሌት ሲጮህ ሰነበተ። ቄስ ተጠርቶ ቆረበ። ጋዜጣ ላይ ቢወጣ ምን ይጠቅመው ነበር?

የታሪክ ተማሪ፦ ያኔማ መግለጫ ወጥቷል እኮ! ይሞታል ብለው ስለፈሩ መታመሙን ተናገሩ፤ የበሽታውን ስም ግን ዋጡት። በ1913 የሮማኖቭ ቤት 300ኛ ዓመት ሲከበር ሕዝቡ የ8 ዓመቱን አልጋ ወራሽ ሰው ተሸክሞት ሲያልፍ አየ። ምን ይበል?

አዲስ ገቢ፦ ራስፑቲን መነኩሴ አልነበር እንዴ?

የታሪክ ተማሪ፦ የሳይቤሪያ ገበሬ ነው፤ ሚስትና ልጆች ነበሩት።

የልጅ እናት፦ ስለ ዙፋን ታወራላችሁ፣ ልጁስ? እንዳይወድቅ መርከበኞች እግር በእግር ይከተሉት ነበር። አስተማሪው ፒየር ዢልያር «እስቲ ትንሽ ልቀቁት» ብሎ ወላጆቹን ቢለምን እሺ አሉት። ብዙም ሳይቆይ ልጁ ከመማሪያ ወንበሩ ወድቆ ጉልበቱን ተመታ፤ በማግስቱ መራመድ አቃተው። ወላጆቹ ግን አስተማሪውን አልወቀሱትም። የኔም ልጅ ስኳር አለበት። ለትምህርት ቤቱ ነግሬያለሁ፣ ለሰፈሩ ግን አልነገርኩም። ማንም አያገባውም!

ጡረተኛው፦ ያንቺ ልጅ አገር አይወርስም እኮ ልጄ። በማርች 1917 ኒኮላይ ዙፋኑን ለአሌክሲ ሊያወርስ ነበር። ሐኪሙን ፕሮፌሰር ፌዶሮቭን ጠርቶ «ይድናል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። አይድንም ሲባል ሐሳቡን ለውጦ ለወንድሙ ለሚካኤል ተወለት፤ ሚካኤልም አልቀበልም አለ። ዘውዱ በዚያው ቀረ። አንድ አገር በሐኪምና በአባት ጨዋታ ሲወሰን ሕዝቡ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም!

ሐኪሟ፦ ጋሼ፣ ያነሱት ለእኔ ይመሰክርልኛል። ኒኮላይ ስልጣን ሲለቅ በጻፈው ላይ ከሚወደው ልጁ መለየት እንደማይፈልግ ገልጿል። አባት ሆኖ ነው የወሰነው።

ጡረተኛው፦ አባትነቱን ማን ነካበት? ዛርም ነበር እንጂ።

የታሪክ ተማሪ፦ እሺ፣ ለሕዝብ አይነገር እንበል። ለዱማው፣ ለፓርላማው፣ መሪዎች ብቻ ቢነገርስ?

የልጅ እናት፦ ለዱማ ጠዋት የነገሩት ማታ ዋና ከተማውን ፔትሮግራድን ያዳርሳል። ሌላ አምጣ።